ኳስ የሚወረውረው ልጅ ቪዲዮ ተፋጥኗል ወይስ አልተፋጠነም?

እዚህ ጅማ ግሩፓችን ውስጥ ሰባት ኳስ በአየር ላይ የሚያቀባብል የሰርከስ ልጅ ቪዲዮ በተለቀቀ ቁጥር ጭቅጭቅ ነው። ግማሹ «ቪዲዮው ተፋጥኗል» ይላል፤ ሌላው «መተት ነው» ይላል። መተቱን ተዉት። መፋጠኑን ግን ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ።

ወደ ላይ የተወረወረ ነገር ተመልሶ እጅ ላይ እስኪወድቅ የሚፈጀውን ጊዜ የሚወስነው የወጣበት ከፍታ ነው። ብርቱካንም ይሁን ድንጋይ ያው ነው። ከእጅ 1.2 ሜትር ሽቅብ የሄደ ኳስ 1 ሴኮንድ ገደማ ይቆያል። 2 ሴኮንድ እንዲቆይ ከተፈለገ ግን 5 ሜትር ገደማ መውጣት አለበት። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ከፍታው አራት እጥፍ ነው። ብዙ ኳስ የሚወረውሩ ሰዎች ያን ያህል ከፍ አድርገው የሚወረውሩት ለዚህ ነው፤ ጊዜ እየገዙ ነው።

እንግዲህ ልጁ እጁን እምብርቱ አካባቢ ይዞ፣ ኳሱን ከራሱ በላይ ግማሽ ሜትር ያህል አሳልፎ ወረወረ እንበል፤ ከእጁ ሲለካ 1.2 ሜትር ገደማ ነው። በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። 1 ሴኮንድ አካባቢ ከሆነ ፍጥነቱ ትክክለኛ ነው። ግማሽ ሴኮንድ ከሆነ ተፋጥኗል፣ አለቀ። (ጅማ ከፍታ ላይ ናት ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ፤ ልዩነቱ በስልክ ሰዓት አይታይም።)

ፊኛና ፌስታል ግን አየሩ ስለሚይዛቸው በዚህ አይለኩም። አንድ ሰው ስንት ኳስ እንደሚችል፣ ለመልመድ ስንት ወር እንደሚፈጅበትም ከሰው ሰው ይለያያል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ ልጁ እጁን አያይም። ዓይኑ ኳሶቹ ጫፍ ደርሰው የሚዞሩበት ቦታ ላይ ነው።