የአራት ኪሎው ብሔራዊ ኸርባሪየምና ብክለትን የሚያጸዱ ዕፅዋት

ብሔራዊ ኸርባሪየም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ የሚገኝ፣ ከ80 ሺህ በላይ የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎችን የያዘ የአገሪቱ አንጋፋ ስብስብ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሥርት ዓመታት በአመዛኙ ናሙና በማሰባሰብ አለፉ።

ለታላቅ ስም ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው፣ የአገሪቱን ዕፅዋት ለይቶ የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ፍሎራ ፕሮጀክት ነው። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ከስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኡሎቭ ሄድበሪ ጋር የጠነሰሱት ይህ ሥራ፣ ኢንጋ ሄድበሪ፣ ሱ ኤድዋርድስና ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውን በመሳሰሉ አዘጋጆች ትጋት የመንግሥት ለውጥንና ጦርነትን ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በስምንት ቅጾች ተጠናቅቋል። ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎችን በአንድ ሥራ አሟልቶ መመዝገብ የቻለ የአፍሪካ አገር ብዙ አይደለም። ከእነዚህም አሥር በመቶ ያህሉ በሌላ ቦታ የማይገኙ እንደሆኑ ይነገራል።

እያንዳንዱ ናሙና የተለቀመበትን ቦታ፣ ከፍታና ቀን የሚገልጽ ጽሑፍ ስላለው፣ ስብስቡ ከአፈርና ከውኃ ብክለትን የሚያጸዳ አገር በቀል ተክል ለሚፈልግ ሰው ተቀዳሚ መነሻ ነው። ተመራማሪው ሮበርት ብሩክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ኒኬል የተባለውን ብረት በቅጠላቸው የሚያከማቹ ዕፅዋትን የለዩት ከኸርባሪየም ናሙናዎች በተወሰዱ ጥቃቅን የቅጠል ቁራጮች ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ ቅጠሉን ሳይጎዳ ይህንኑ ይሠራል።

ከአራት ኪሎ ቁልቁል የሚፈሱት ግንፍሌና ቀበና የመጸዳጃ ፍሳሽና የጋራዥ ዘይት ተሸክመው ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ በትንሹ አቃቂ በኩል ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣ ክሮሚየም የተባለ ከባድ ብረት ይጨመርና ሁሉም አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይደርሳል። ፊላና ደንገል በሰው ሠራሽ ረግረግ ውስጥ ሲተከሉ፣ በሥሮቻቸው ዙሪያ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ፍሳሹን ያብላላሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎችም መሰል ረግረጎችን በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ ሞክረዋል። ለወንዝ ዳር አፈር የማይበላው ጉሎና አገር በቀሉ አሃያ ተመራጭ ይመስላሉ። እምቦጭም ከባድ ብረቶችን በመሳብ የታወቀ ነው፤ ወራሪነቱ ግን ጣና ላይ ስለታየ ማንም ሊመክረው አይገባም።

አሳሳቢው የአበሻ ጎመን ነው። ከባድ ብረቶችን ከአፈር ስለሚስብ በውጭ አገር ለማጽጃነት ተጠንቷል፤ በአቃቂ ወንዝ ውኃ እየለማ ለገበያ ሲቀርብ ግን ያው ጠባዩ ብረቱን ወደ ገበታ ያመጣዋል።

በእንጦጦ ተራሮች ላይ 705 ሄክታር የያዘው፣ ዩኒቨርሲቲውና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ በኸርባሪየሙ በደረቅ ናሙናነት የተመዘገቡትን በሕይወት ለማራባት የሚያስችል ቦታ ነው። ተክሉ የሳበው ብረት ከውስጡ ስለማይጠፋ፣ ወንዝ ዳር የተተከለው በየጊዜው ታጭዶ መወገድ አለበት፤ ለከብት መኖም ሆነ ለማገዶ ሊውል አይችልም።