በቤዝቦል ፕሮስፔክት ምንድን ነው?

ኦገስት 2 ቀን 2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዋሽንግተን ናሽናልስ ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲዬጎ ፓድሬስ አሳልፎ ሰጠ። ሶቶ ያኔ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ክለቡ በ2019 ሂዩስተንን አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ ከዋነኞቹ መቺዎች አንዱ ሆኖ ነበር፤ 21 ዓመት የሞላውም በዚያው የፍጻሜ ሰሞን ነው። ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር እንክፈልህ ቢባል አልፈልግም ማለቱ ተሰማ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ተሸኘ።

በምትኩ ማን መጣ? ሲጄ ኤብራምስ፣ 21 ዓመቱ። ማከንዚ ጎር፣ 23። ሮበርት ሀሰል፣ 20። ጄምስ ውድ፣ 19። ሃርሊን ሱሳና፣ 18። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ ትልቁን ሊግ ረግጠው አያውቁም፤ ሁለቱም ቢሆኑ ገና መቅመሳቸው ነበር። ስድስተኛው ሉክ ቮይት ብቻ ነው የታወቀ ሰው። እሱም የመጣው በምትክነት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ኤሪክ ሆስመር ነበር፤ ውሉ ውስጥ እምቢ የማለት መብት ስለነበረው ዋሽንግተን አልሄድም አለ።

ዲሲ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ወይም ፓርኪንግ የሚሠራ አበሻ ናሽናልስ ፓርክ ጨዋታ ያለበትን ቀን አይስተውም፤ መንገዱ ይነግረዋል። የዚያን ሰሞን ግን ስታዲየም ገብቶ የማያውቀውም ሰው ተሳፋሪው ሲያማርር ሳይሰማ አይቀርም። ዓለም ያወቀው ሰው ተሰጥቶ ስማቸው ያልተሰማ ልጆች? ነገሩ የሚገባን ፕሮስፔክት የሚባለውን ነገር ስናውቅ ነው።

ፕሮስፔክት ማለት ክለብ ያስፈረመው፣ ትልቁ ሊግ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቅ፣ ግን ገና ያልደረሰ ተጫዋች ነው። አገር ቤት ክለቦች ተስፋ ቡድን እንደሚሉት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ተስፋው በዋጋ ይተመናል። ድንበርም አለው። መቺ ከሆነ በትልቁ ሊግ 130 የመምቻ ተራ ካለፈ፣ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ከሆነ ደግሞ 50 ኢኒንግ (የጨዋታ ምዕራፍ) ከወረወረ ጀማሪ መባሉ ያበቃል።

የሚገቡት በሁለት በር ነው። አሜሪካ ያደገ ልጅ ጁላይ ላይ በሚካሄደው የ20 ዙር ድራፍት (ክለቦች በየተራ ልጆች በሚመርጡበት ሥርዓት) ይመረጣል። የዶሚኒካንና የቬኔዝዌላ ልጆች በ16 ዓመታቸው ጀምረው በቀጥታ ይፈርማሉ። ሶቶ ራሱ በ2015 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር የተፈረመ የ16 ዓመት የዶሚኒካን ልጅ ነበር። ከፈረሙ በኋላ መሰላሉ ረጅም ነው። ከጀማሪዎች ሊግ ተነስተው ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ እያሉ ይወጣሉ። የናሽናልስ ልጆች ሲንግል ኤ የሚጫወቱት ቨርጂኒያ፣ ፍሬድሪክስበርግ ነው። ከዚያ ዊልሚንግተን፣ ሃሪስበርግ፣ ሮቸስተር። ብዙዎቹ በአንዱ እርከን ላይ ይቀራሉ።

እግር ኳስ ለለመደ ሰው ግር የሚለው ልውውጡ ነው። በእግር ኳስ ተጫዋች የሚፈልግ ክለብ ገንዘብ ይከፍላል፤ ተጫዋቹም ካልተስማማ አይሄድም። ቤዝቦል ውስጥ ሰው በሰው ይለወጣል። ከጥቂቶች በቀር ተጫዋቹን የሚጠይቀው የለም፤ ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ይሸክፋል። የድራፍት ተራንም በአብዛኛው መለዋወጥ አይቻልም። እንግዲህ ዋንጫ የሚያሳድድ ክለብ አንድ ምርጥ ፒቸር ቢያምረው በምን ይከፍላል? በፕሮስፔክት። የልውውጡ ገበያ መክፈያ እነዚህ ልጆች ናቸው።

ዋጋ ያላቸው ለምንድን ነው ታዲያ? ሁሉም ሰው ችሎታቸው ነው ይላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ። ሌላው ግማሽ ደሞዝ ነው።

ትልቁ ሊግ የገባ ተጫዋች ወደፈለገው ክለብ ለመሄድ ነፃ የሚሆነው 6 ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። እስከዚያ የክለቡ ነው። የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት ገደማ ዝቅተኛውን ደሞዝ ወይም ከሱ ብዙም ያልራቀ ይከፈለዋል። ዝቅተኛው በ2025 760,000 ዶላር ነበር። (ርካሽ ስል በነሱ ዓለም ማለቴ ነው፤ ለኛማ ሎተሪ ነው።) ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይደራደራል፤ ካልተስማሙ ገላጋይ ይፈርዳል፤ ደሞዙም ያድጋል። ሶቶ በ2022 17.1 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ነፃ ከወጣ በኋላስ? ዲሴምበር 2024 ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ተስማማ።

እንግዲህ ክለብ ፕሮስፔክት ሲቀበል እነዚያን 6 ዓመታት እየገዛ ነው። ሶቶ ሲሸኝ በክለቡ እጅ የቀረው 2 ዓመት ተኩል ብቻ ነበር፤ ያውም ውድ ውድ ዓመታት። የመጡት 5 ልጆች ሁሉም ቢሳካላቸው ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ነው። በዚህ ሂሳብ ሲታይ ናሽናልስ ያን ያህል አልተሞኘም። የምትታለብ ላም ሰጥቶ 5 ጥጃ የመቀበል ያህል ነው፤ ከጥጆቹ ስንቱ ያድጋል የሚለው ጥያቄ እንዳለ ሆኖ።

ይህ የዓመታት ሂሳብ ቁልጭ ብሎ የሚታየው በፀደይ ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ክለቦች ግማሾቹ ፍሎሪዳ፣ ግማሾቹ አሪዞና ይከትማሉ። ናሽናልስ ዌስት ፓልም ቢች ነው፤ ግቢውን የሚጋራው ያው በ2019 በፍጻሜው የተሸነፈለት ሂዩስተን ነው። ጨዋታዎቹ አይቆጠሩም። መጨረሻዎቹ ኢኒንጎች ላይ ታዋቂዎቹ ገላቸውን ታጥበው ሄደዋል፤ ሜዳ ላይ ያሉት መለያቸው 80 ምናምን ቁጥር የሆነ ልጆች ናቸው። ከነሱ አንዱ ሁለት ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሳልፍ ምት) ሲመታ ደጋፊው ያብዳል። «ይሄን ልጅ አሁኑኑ አምጡት!» ይላል። የወረወረለት ፒቸር አዲስ አወራወር እየሞከረ ሊሆን እንደሚችል ማን ያስበዋል?

ልጁ በእርግጥ ድንቅ ሲሆንስ? በ2015 ፀደይ የቺካጎ ከብስ ፕሮስፔክት ክሪስ ብራያንት 9 ሆም ራን መታ። ከሱ በላይ የመታ አልነበረም። ውድድሩ ሲጀመር ግን ወደ ማይነር ሊግ (ከትልቁ ሊግ በታች ወዳሉት እርከኖች) መለሱት። መከላከሉ ላይ ትንሽ ይሥራ አሉ። ኤፕሪል 17 ጠሩት። አንድ የአገልግሎት ዓመት 172 ቀን ነው፤ ብራያንት ዓመቱን ሲጨርስ 171 ቀን ሆነ። በአንዲት ቀን ጉድለት ክለቡ አንድ ተጨማሪ ዓመት አገኘበት። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ፣ ክስም አቀረበ፤ በ2020 ተፈረደበት። ደንብ አልተጣሰም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን በደንብ የተሸፈነ ብልጠት ነው። አሁን ደንቡ ትንሽ ተሻሽሏል፤ በምርጥ ጀማሪ ምርጫ 1ኛ ወይም 2ኛ የወጣ ልጅ ዘግይቶ ቢጠራም ሙሉ ዓመት ይያዝለታል።

የፕሮስፔክቶችን ደረጃ የሚያወጡት መልማዮች ናቸው። ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 50 ማለት የትልቁ ሊግ መካከለኛ ማለት ነው። ለመምታቱ፣ ለጉልበቱ፣ ለሩጫው፣ ለመያዙ፣ ለውርወራው ለየብቻ። ሥራቸውን አልንቅም። ግን ብራየን ቴይለር በ1991 ድራፍት አንደኛ ሆኖ በያንኪስ ተመረጠ፤ ትከሻው ተጎዳና ትልቁን ሊግ ሳያየው ቀረ። ማይክ ፒያዛ ደግሞ በ1988 በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ ነው የተመረጠው፤ ያውም ለወዳጅ ሲባል። ዛሬ የዝና አዳራሽ ውስጥ ነው።

ልውውጥን በአንድ ዓመት መፍረድም ሞኝነት ነው። በ1987 ዲትሮይት ታይገርስ ጆን ስሞልትዝ የሚባል የ20 ዓመት ፒቸር ለአትላንታ ሰጥቶ አንጋፋውን ዶይል አሌክሳንደርን ወሰደ። አሌክሳንደር 9 ጨዋታ አሸነፈ፣ አንድም አልተሸነፈ፤ ዲትሮይትም ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ስሞልትዝ አትላንታ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ የዝና አዳራሽ ገባ። ዲትሮይት ተሸወደ የሚሉ ብዙ ናቸው። በዚያ መስከረም ስታዲየም የነበረ የዲትሮይት ደጋፊ ግን እንደዚያ ማለቱን እጠራጠራለሁ።

የስታዲየም ተስፋ ከፕሮስፔክት ተስፋ ጋር ሲገጥም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አትሌቲክስ የሚባለው ክለብ ከ2024 በኋላ ኦክላንድን ለቆ ሄደ። ላስ ቬጋስ የሚሠራለት ስታዲየም በ2028 ይከፈታል ተብሎ ታቅዷል። እስከዚያ የሚጫወተው ዌስት ሳክራሜንቶ፣ በአንድ የትሪፕል ኤ ቡድን ሜዳ ነው። ቡድኑ ውስጥ ግን ኒክ ኩርትዝ አለ። በ2024 በ4ኛ ተራ ተመርጦ ዓመት ሳይሞላው ተጠራ፤ በጁላይ 2025 ሂዩስተን ላይ በአንድ ጨዋታ 4 ሆም ራን መታ፤ የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ጀማሪም ሆነ። ስታዲየሙ በቀጠሮው ቢከፈት ኩርትዝ ገና ከ6ቱ ዓመት ውስጥ ነው። ለባለቤቱ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አዲስ ወንበር የሚሸጠው በታወቀ ልጅ ነው። ለኦክላንድ ደጋፊ ምን እንደሚባል አላውቅም። ልጁንም ስታዲየሙንም የሚያገኘው ሌላ ከተማ ነው።

ወደ ዋሽንግተን እንመለስ። ከአምስቱ ልጆች ኤብራምስ በ2024፣ ውድና ጎር በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጡ። ውድ የዚህችው የሞንጎመሪ ካውንቲ ልጅ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወገኖቻችን ሠፈር ማለት ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ነው። በ2025 31 ሆም ራን መታ፤ 221 ጊዜም በስትራይክ አውት ወጣ፤ ሲመታ ጉድ፣ ሲስትም ጉድ። ሦስት ልጅ እዚህ መድረሱ በፕሮስፔክት ገበያ ብርቅ ነው። ልውውጡ ተሳክቷል ቢባል አልከራከርም።

ቡድኑስ? በ2022 107 ጊዜ ተሸነፈ። በ2023 91፣ በ2024 ደግሞ 91። በ2025 96። ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞና አሠልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ በጁላይ 2025 ተባረሩ። ልጆች ብቻቸውን ቡድን አይሆኑም፤ ጎናቸው የሚቆም አንጋፋ በገንዘብ መምጣት አለበት፤ ያ ገንዘብ አልወጣም። የፕሮስፔክት ዝርዝር ለባለሀብት ጥሩ መደበቂያ ነው። «ልጆቹ እስኪደርሱ ታገሱ» ይላል። ደጋፊውም ላም አለኝ በሰማይ እያለ ቲኬት ይገዛል።

ከዚያ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል። ጎር ነፃ ሊወጣ 2 ዓመት ሲቀረው፣ በጃንዋሪ 2026፣ አዲሶቹ ኃላፊዎች ለቴክሳስ ሬንጀርስ ሰጡት። በምትኩ 5 ፕሮስፔክት መጡ። ከነሱ አንዱ ጋቪን ፊን ነው፤ ሬንጀርስ በ2025 ድራፍት በመጀመሪያው ዙር የመረጠው የ18 ዓመት ልጅ። የኤብራምስ ዓመታት ደግሞ በ2028 ያልቃሉ፤ ዋሽንግተን ውስጥ ደጋፊዎች አሁን የሚከራከሩት እሱ በስንት ልጅ ይለወጥ በሚለው ላይ ነው።