የትምህርት ቤት የምሳ ዕዳ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምሳ ዕዳ የሚባለው፣ ተማሪው በካፌቴሪያ የበላው ምግብ ዋጋ በስሙ ከተከፈተለት ሒሳብ ላይ ሲቀነስ ቆይቶ፣ ሒሳቡ ባዶ ከሆነም በኋላ ልጁ መመገቡን ሲቀጥል የሚጠራቀም ያልተከፈለ ገንዘብ ነው። ልጁ ትሪውን ይዞ ከገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ሲደርስ መለያ ቁጥሩን ያስገባል፤ ስክሪኑም በሒሳቡ ስንት እንደቀረ ያሳያል። ገንዘብ ካለ ያልፋል። ከሌለ የሚሆነው ግን እንደ ግዛቱ ሕግና የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች እንደሚያስተዳድረው የትምህርት ወረዳ መመሪያ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ዕዳው ይመዘገብና ልጁ እንደ ጓደኞቹ ይበላል፣ ሌላው ጋ ትኩሱ ምግብ ከፊቱ ተነሥቶ ቀዝቃዛ ሳንዱች ይሰጠዋል። ዕዳው የወላጅ ቢሆንም ሰልፉ ላይ የሚገኘው ልጁ በመሆኑ፣ ገንዘቡን ለማስከፈል ሲባል ልጅን በእኩዮቹ ፊት ማሸማቀቅ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ባለፉት ዓመታት ከምክር ቤቶች ደርሷል።

ነገሩን ለመረዳት የምሳው ዋጋ በማን እንደሚሸፈን ማወቅ ያስፈልጋል። ብሔራዊው የትምህርት ቤት ምሳ ፕሮግራም የቆመው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1946 በፈረሙት ሕግ ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ የልጆችን ጤና ከመጠበቅ ጎን ለጎን የገበሬው ምርት በአገር ውስጥ ገዢ እንዲያገኝ ማድረግንም ዓላማው ስላደረገ፣ ፕሮግራሙ ዛሬም የሚተዳደረው በግብርና ሚኒስቴር ሥር ነው። በዚህ አሠራር ተማሪዎች በሦስት ይከፈላሉ። የቤተሰባቸው ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 130 በመቶ የማይበልጥባቸው በነፃ ይመገባሉ፤ ከ130 እስከ 185 በመቶ ባለው ውስጥ የሚገኙት የቅናሽ ዋጋ፣ ማለትም ለምሳ ቢበዛ 40 ሳንቲም፣ ለቁርስ ቢበዛ 30 ሳንቲም ይከፍላሉ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ወረዳው የተመነውን ዋጋ ይከፍላሉ። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን፣ ከአላስካና ከሃዋይ በቀር፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ የነፃው ጣሪያ በዓመት 41,795 ዶላር፣ የቅናሹ ጣሪያ ደግሞ 59,478 ዶላር ሆኖ ነበር የተወሰነው። በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው እነዚህ ቁጥሮች ምን ያህል ዝቅ ያሉ እንደሆኑ ለማንም መንገር አያስፈልገውም፤ ጣሪያው ግን ኑሮ ውድ በሆነበትም ሆነ ርካሽ በሆነበት ግዛት ያው ነው።

ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1970 የወጣው ማሻሻያ በነፃ ወይም በቅናሽ የሚመገበው ልጅ ተለይቶ እንዲታወቅ ማድረግን ከለከለ፤ ስሙን ዘርዝሮ መለጠፍ ወይም የተለየ ቲኬት መስጠት፣ ለብቻው ማሰለፍም ሆነ ለምግቡ ምትክ ማሠራት አይፈቀድም። ስለዚህ የቤተሰቡ ችግር በነፃ ወይም በቅናሽ ለመመገብ በሚቀርበው የማመልከቻ ቅጽ ተሞልቶ የጸደቀለት ልጅ የሕግ ከለላ አለው። ከለላው የማይደርሰው ቅጹ ላልተሞላለት፣ ወይም የወላጆቹ ገቢ ከጣሪያው በጥቂት ዶላር ላለፈበት ልጅ ነው። ይህ ልጅ በመዝገብ ላይ «ከፋይ» ተብሎ የሰፈረ በመሆኑ፣ ሳይከፍል ሲቀር የሚታየው እንደ ባለዕዳ እንጂ እንደ ችግረኛ አይደለም፤ በእርሱ ላይ የሚወሰደው እርምጃም ለረጅም ጊዜ በፌዴራል ሕግ ሳይሆን በየወረዳው ፈቃድ ሲወሰን ኖሯል።

እርምጃዎቹ ምን ይመስሉ እንደነበር በጋዜጦች የተዘገቡ ጥቂት አጋጣሚዎች ያሳያሉ። በጥር 2014 በሶልት ሌክ ሲቲ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሒሳባቸው የተጓደለ እስከ 40 የሚደርሱ ልጆች የያዙት ምሳ ተወስዶ ተጣለ፤ በምትኩ ፍራፍሬና ወተት ተሰጣቸው። አንዴ ለተማሪ የቀረበ ምግብ ለሌላ ሊሰጥ ስለማይችል ነበር የተጣለው፤ ይህም ማለት ትምህርት ቤቱ በድርጊቱ አንድ ሳንቲም እንኳ አላተረፈም ማለት ነው። ወረዳው በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። በ2016 በአላባማ የአንድ ልጅ ክንድ ላይ የምሳ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው የሚገልጽ ማኅተም ተመትቶ ወደ ቤቱ ተላከ። በዚያው ዓመት በፔንሲልቬኒያ አንዲት የካፌቴሪያ ሠራተኛ፣ ትኩስ ምግብ ከልጅ እጅ እንድትወስድ የሚያስገድዳትን መመሪያ በመቃወም ሥራዋን ለቀቀች። በ2019 ደግሞ በዚያው ግዛት ዋዮሚንግ ቫሊ ዌስት የተባለው የትምህርት ወረዳ፣ ዕዳቸውን ያልከፈሉ ወላጆች ፍርድ ቤት ሊቀርቡና ልጆቻቸው ተወስደው ለአሳዳጊ ሊሰጡ እንደሚችሉ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ላከ። አጠቃላይ ዕዳው 22,000 ዶላር ግድም ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የተለመደው ግን ያን ያህል የማይጮኸው አሠራር ነው፦ «ተለዋጭ ምግብ» የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቺዝ የገባበት ቀዝቃዛ ሳንዱች ከወተት ጋር። በሥነ ምግብ ሚዛን ሊያልፍ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ሁሉም ፒዛ በሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ያን ሳንዱች የያዘው ልጅ ለምን እንደያዘው የማያውቅ የክፍል ጓደኛ አይኖርም። ሳንዱቹን ከመቀበል ይልቅ ሳይበሉ መዋልን የሚመርጡ ልጆች መኖራቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

ትምህርት ቤቶቹ ይህን የሚያደርጉት በጭካኔ ብቻ ነው ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በፌዴራሉ መመሪያ መሠረት የምግብ አገልግሎቱ ራሱን የቻለ፣ ለትርፍ ያልቆመ ሒሳብ አለው፤ ሊሰበሰብ እንደማይችል የታወቀ ዕዳም ከዚህ ሒሳብ ሊሰረዝ አይችልም። ጉድለቱ ከወረዳው አጠቃላይ በጀት፣ ማለትም ለመምህርና ለመጽሐፍ ከሚውለው፣ ወይም ከበጎ አድራጊ መሸፈን አለበት። የትምህርት ቤት ምግብ አገልግሎት ባለሙያዎች ማኅበር በ2023 መጀመሪያ ይፋ ባደረገው ጥናት፣ መልስ የሰጡ 847 ወረዳዎች ብቻ በድምሩ 19.2 ሚሊዮን ዶላር የምሳ ዕዳ ከቤተሰቦች እንዳልተሰበሰበላቸው አሳውቀዋል። የግብርና ሚኒስቴርም ወረዳዎች ሁሉ እስከ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ድረስ ስለ ያልተከፈለ ምሳ በጽሑፍ የሰፈረ መመሪያ እንዲኖራቸው አዘዘ፤ መመሪያው ምን ይበል የሚለውን ግን ለእነርሱው ተወላቸው። እንደ እኔ አመለካከት ትልቁ ዕድል የባከነው ያኔ ነው።

በማሸማቀቅ ላይ ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ግዛት ኒው ሜክሲኮ ናት። በሚያዝያ 2017 የጸደቀውን ሕግ ያቀረቡት ሴናተር ማይክል ፓዲያ፣ በአሳዳጊ ቤት ያደጉና ልጅ ሳሉ ለምሳቸው ሲሉ የካፌቴሪያ ወለል ይወለውሉ እንደነበር በይፋ የተናገሩ ሰው ናቸው። ሕጉ ልጁን በማኅተም ወይም በእጅ አምባር መለየትን፣ ለምግቡ ምትክ ሥራ ማሠራትንና አንዴ የቀረበለትን ምግብ መጣልን ከለከለ፤ ስለ ዕዳው መነጋገር ያለበት ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ጋር እንጂ ከልጁ ጋር እንዳልሆነም ደነገገ። ካሊፎርኒያ በ2019 ተመሳሳይ ነገር አደረገች፤ ባለዕዳው ልጅ ከሌሎቹ ያልተለየ ምግብ እንዲሰጠው ሕግ አወጣች። እገዳው ግን የገንዘቡን ጥያቄ አይመልስም። ፔንሲልቬኒያ በ2017 ማሸማቀቅን ከከለከለች በኋላ፣ በ2019 ዕዳው ከ50 ዶላር ካለፈ ተለዋጭ ምግብ መስጠት እንዲቻል ሕጉን መልሳ አላልታዋለች።

ክፍተቱን ሲሞላ የኖረው በአብዛኛው የግለሰቦች ኪስ ነው። በሚኒሶታ በሴንት ፖል ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ኃላፊ የነበረውና በሐምሌ 2016 በፖሊስ ጥይት የተገደለው ፊላንዶ ካስቲል፣ ገንዘብ ለጎደላቸው ልጆች ከራሱ ይከፍል ነበር። ከሞቱ በኋላ በስሙ የተሰበሰበ መዋጮ የብዙ ተማሪዎችን ዕዳ ሰረዘ፤ እናቱ ቫለሪ ካስቲልም በ2019 በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ላይ የነበረውን ዕዳ ለመዝጋት 8,000 ዶላር ሰጥተዋል። እንዲህ ያለው ልግስና የሚያስመሰግን ቢሆንም የሚዘጋው ያለፈውን ዕዳ ነው፤ በማግስቱ ሰኞ ቆጣሪው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ዕዳው ከሥሩ የሚነቀለው ገንዘብ ተቀባይዋ ምንም የማትቀበል ስትሆን ነው። ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በ2010 በወጣው የልጆች ሥነ ምግብ ሕግ የተፈቀደውና ከ2014 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሠራበት ነው፤ በፉድ ስታምፕ (መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በሚሰጠው የምግብ መግዣ ድጎማ) እና በመሳሰሉት ፕሮግራሞች በኩል ያለ ቅጽ የተመዘገቡ ተማሪዎች ብዛት የተወሰነ ድርሻ ከደረሰ፣ ትምህርት ቤቱ ቅጽ ሳያስሞላ ሁሉንም በነፃ ይመግባል። ድርሻው 40 በመቶ የነበረ ሲሆን በ2023 ወደ 25 ዝቅ ብሏል። ሁለተኛው መንገድ ግዛቱ ራሱ ወጪውን ሸፍኖ ለሁሉም ነፃ ማድረግ ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የፌዴራሉ መንግሥት እስከ ሰኔ 2022 ድረስ ለሁሉም ልጅ ነፃ ምግብ እንዲቀርብ ፈቅዶ ስለነበር፣ ዕዳ የሌለበት ካፌቴሪያ ምን እንደሚመስል አገሩ በሙሉ አየ። ፈቃዱ ሲያበቃ ዕዳውም ተመለሰ። ካሊፎርኒያና ሜይን ወደ ኋላ ላለመመለስ ወሰኑ፤ ኮሎራዶ፣ ሚኒሶታ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ቬርሞንት፣ ሚሺጋንና ማሳቹሴትስ ተከተሉ፤ ኒው ዮርክ በ2025 ተጨመረች። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሚኒሶታ ሕጉን ያጸደቀችው በመጋቢት 2023 ነው። በእነዚህ ግዛቶችም ቢሆን ነፃ የሚሆነው የተሟላው አንድ ምግብ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ትሪ ወይም ለብቻው የሚወሰድ ወተት ሒሳብ ላይ ሊጻፍ ይችላል።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጁን ያስተማረ ወላጅ በምገባው ቁርስና ምሳ ያለ ክፍያ ስለለመደ፣ አሜሪካ ሲመጣ በየጊዜው ገንዘብ የሚሞላ ሒሳብ መኖሩን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የዕዳ ማስታወቂያ ሲደርሰው ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ቴክሳስ እስከ 2025 ድረስ ምሳን ለሁሉም ነፃ ካደረጉት ግዛቶች ውስጥ ስላልነበሩ፣ እዚያ ላለ ቤተሰብ ቅጹ ወሳኝ ነው። ቅጹ ለመላው ቤተሰብ አንድ ብቻ ሲሆን፣ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ፣ በተለይም ሥራ ሲቆም ወይም ገቢ ሲቀንስ ሊሞላ ይችላል። ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው አዋቂም የለኝም የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጎ ማለፍ ይችላል። ደመወዝተኛ የሚጽፈው ታክስ ከመቆረጡ በፊት ያለውን ገቢ ነው፤ በኡበር ወይም በታክሲ በራሱ የሚሠራ ሰው ግን የሥራውን ወጪ ቀንሶ የተረፈውን ይጽፋል፣ ይህን ባለማወቅ ከጣሪያው በላይ የሚወጣ ሾፌር ጥቂት አይመስለኝም። ለአገር ቤት ዘመድ የሚላከው ገንዘብ ግን፣ በየወሩ ቢላክም፣ ከገቢ አይቀነስም።

ሁለት ነገሮች በተለይ ሰው ሳያስብ ዕዳ ውስጥ ይከታሉ። አንደኛው የዓመቱ መጀመሪያ ነው፤ ያለፈው ዓመት የነፃ ምሳ ፈቃድ ወደ አዲሱ ዓመት የሚሻገረው ለመጀመሪያዎቹ 30 የትምህርት ቀናት ብቻ በመሆኑ፣ አዲስ ቅጽ ያልገባለት ልጅ ጥቅምት አካባቢ ድንገት ከፋይ ይሆናል። ሁለተኛው ከፉድ ስታምፕ ጋር የተያያዘ ነው። ቤተሰቡ ፉድ ስታምፕ የሚያገኝ ልጅ ያለ ቅጽ በቀጥታ ለነፃ ምሳ ይመዘገባል፤ በሐምሌ 2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ግን ግሪን ካርድ ገና ያልያዙ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ከፉድ ስታምፕ ተጠቃሚነት አስወጥቷል። የእነዚህ ቤተሰቦች ልጆች የነፃ ምሳ መብት በገቢያቸው መሠረት አሁንም ያለ ቢሆንም፣ ከእንግዲህ በፉድ ስታምፕ በኩል በቀጥታ ስለማይመዘገቡ፣ በሌላ ፕሮግራም ካልተመዘገቡ በቀር ቅጹን ራሳቸው ማስገባት ይኖርባቸዋል፤ ቅጹ ከመግባቱ በፊት የተጠራቀመውንም ዕዳ ፈቃዱ ወደ ኋላ ሄዶ አይሰርዘውም።