ከሐረጎ ቁልቁል፦ ስለ ሥራ የምንሳሳታቸው ነገሮች እና እውነታው

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ወሬውን ያውቀዋል። ግማሹ ተሳፋሪ ሥራ ነው የሚሄደው። ደሴ ላይ የተደረበው ጃኬት የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሶ ኮምቦልቻ ሲገባ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል። እስከዚያ ባለችው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ አለቃ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ «ሰው አለው» የማይወራ የለም። እኔም ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ብዙ ሰው እውነት ብሎ ከያዛቸው ስህተቶች ጥቂቶቹን ላንሳ።

«ዝም ማለት ጨዋነት ነው»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው ያደግነው። ለታላቅ አፍ አለመካፈት ጥሩ አስተዳደግ ነው፣ አልከራከርም። ግን ስለ ሰው ዝም ማለት ሌላ፣ ስለ ማሽን ዝም ማለት ሌላ።

አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራ ነበር። የሌሊት ሺፍት የነበረች ልጅ ሊነጋጋ ሲል ማሽኑ ስፌት መዝለል መጀመሩን አየች። ለሱፐርቫይዘሩ መንገር ፈራች። ከሳምንት በፊት አንዷ ብትነግረው «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ብሎ ሰው ፊት ጮኾባታል። ማሽኑን የምረከባት እኔ ነኝ።

«እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ። ሁሉም ደህና ነው» ብላኝ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ተቀምጬ የሱሪ ጎን መስፋት ጀመርኩ። 4 ሰዓት ገደማ ኪውሲዋ (የጥራት ተቆጣጣሪዋ) አንዱን ሱሪ አንስታ በሁለት እጇ ወጠር አደረገችው። ስፌቱ ጥርሱ እንደወላለቀ አፍ ተከፈተ። ከጠዋት ጀምሮ የሰፋሁት ሁሉ ተመልሶ ተፈታ። መርፌው ነበር የደነዘው። መርፌ መቀየር ደግሞ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው።

በልጅቷ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ቆይቼ ሳስበው ግን የተናገረ በሚሰደብበት ቤት ማን ይናገራል? እኔም ብሆን ዝም እል ነበር። ሱፐርቫይዘሩን መቀየር አልቻልንም። የቻልነው አንድ ነገር ነው፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንረካከብ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሁለት መስመር ሰፍታ ትሰጠኛለች። እኔ ግራና ቀኝ እስበዋለሁ። ከያዘ ትሄዳለች። ካልያዘ መርፌው ይቀየራል። ማንም ማንንም አልከሰሰም።

ለአለቃ ስትነግሩም «ማሽኑ ያስቸግራል» አትበሉ። ያ እሮሮ ነው የሚመስለው። «ከ9 ሰዓት ወዲህ ሦስት ጊዜ ክር በጥሷል» ብትሉት መካኒክ ከመጥራት ሌላ የሚለው ነገር የለውም።

«ቡድን የሚሆነው የሚዋደድ ሰው ነው»

ቅሬያችንን እዩ፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን። በሰፈራችን በአጥር ጉዳይ ከተኳረፉ ዓመታት ያለፋቸው ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። ለቅሶ ሲሆን አንዱ የድንኳኑን አንድ ጫፍ፣ ሌላው ሌላኛውን ይዞ ይተክላሉ። ሰላምታ እንኳን የለም። ድንኳኑ ግን ይቆማል። ምክንያቱም ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ ቀድሞ ይታወቃል። የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ሀብታም ደሃ አይልም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ «እኛ እንደ ቤተሰብ ነን» ሲባል እኔ በበኩሌ እጠራጠራለሁ። ብዙ ጊዜ ከኋላው «ትርፍ ሰዓቱን ዛሬ ለእኛ ብላችሁ» የሚል ይከተላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ቤተሰብነቱ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

«ሥራ የሚለቅ የበላበትን ወጪት ሰባሪ ነው»

ይሄ አስተሳሰብ ሰውን አስሮ ያስቀምጣል። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ፋብሪካ ተዘርፎ ቆሟል። ታማኝ የነበረውም ያልነበረውም እኩል ቤቱ ተቀመጠ።

ወጪት የሚሰብረው አለቃቀቁ ነው። ከኛ ዘንድ ደመወዝ በተቀበሉ ማግስት መጥፋት የተለመደ ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ሥራው ጓደኛ ላይ ይወድቃል። ሕጉ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ይላል። ሳይሰጥ የሄደ እስከ 30 ቀን ደመወዙ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። በሥርዓት የለቀቀ ደግሞ ምን እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራና ደመወዙን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ወረቀት ያለ ክፍያ ያገኛል። ይህን ወረቀት ሳይዙ የወጡ ስንት ባለሙያዎች ሌላ ቦታ ከዜሮ ሲጀምሩ አይቻለሁ።

«ውል አልፈረምኩም፣ መብት የለኝም»

አለህ። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ የጽሑፍ መግለጫ መስጠት አለበት። ባይሰጥም መብትህ አይቀርም። እንዲያውም በጽሑፍ መሆን ያለበት የሙከራ ጊዜው ነው፤ እሱም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ስድስት ወር በሙከራ ነህ» የሚሉትን አትመኑ።

«ቴክኒክና ሙያ የወደቀ መሄጃ ነው»

ዲግሪ አልንቅም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ራሱ ኮምቦልቻ ነው ያለው። ግን ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከመመረቁ በፊትም የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ከተማ ነበረች። ሌሊት 8 ሰዓት ማሽን ሲቆም የማን ስልክ እንደሚደወል ጠይቁ። የመካኒኩ ነው። የምሩቁ ቢሆን ኖሮ እኔም ልጄን ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንድትገባ እመክራት ነበር።

«ሰው ከሌለህ ሥራ የለም»

ይሄኛው ግማሹ እውነት ነው፤ ዘመድ የሚሠራበት ቦታ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ስህተቱ «ሰው» ሲባል ቢሮ የተቀመጠ አጎት ብቻ መምሰሉ ነው።

ያቺ የሌሊት ሺፍት ልጅ ከዓመት በኋላ ማስጠንቀቂያዋን ሰጥታ፣ ወረቀቷን ይዛ ሌላ ፋብሪካ ገባች። አንድ ቀን ሐረጎ ላይ ሚኒባስ ውስጥ እያለሁ ደወለችልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው።

«የላይን (የማምረቻ መስመር) መሪ ይፈልጋሉ። አንቺን ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ማሽን ስትረከብ ስፌቱን እየሳበች ነው አልኳቸው።»