የንግድ ስም ማጣራት በኢትዮጵያ

የንግድ ስም ማጣራት ማለት አንድ ነጋዴ ወይም የንግድ ማኅበር ያሰበው ስም በሌላ አለመያዙንና በሕግ አለመከልከሉን ከመመዝገቡ በፊት የሚያረጋግጥበት አሠራር ነው። በንግድ ቢሮዎች ደጃፍ «ስሙ ተይዟል»፣ «ስሙ አለፈ» ሲባል የሚሰማው ይኸው ነው። ድርጅት ለማቋቋም ከሚታለፉት ደጆች የመጀመሪያው ነው። ስሙ ካላለፈ መመሥረቻ ጽሑፍ አይፈረምም፣ ማኅተም አይቀረጽም፣ የባንክ ሒሳብም አይከፈትም። ታፔላውን አስቀድሞ ያሠራ ሰው ደግሞ ብረቱንም ቀለሙንም ይከስራል።

ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ሦስት ስሞች አሉ። የንግድ ስም ነጋዴው ሥራውን የሚያካሂድበት፣ ታፔላው ላይ የሚጻፈው ስም ነው። የማኅበሩ ስም በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ የሚሰፍረው ነው፤ መጨረሻው ላይ «ኃ/የተ/የግ/ማ» (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ወይም «አ.ማ.» (አክሲዮን ማኅበር) የሚል ጅራት አለው። የንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ከሌላው የሚለይ ነው። የሚመዘገበውም በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱ ነው። አንድ ቃል ሦስቱንም ሊሆን ይችላል። ግን አንዱን ማስመዝገብ ሌላውን አያስገኝም። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ላይ ነው።

የንግድ ጉዳይ በመንግሥት ደረጃ ሚኒስትር ያገኘው በ1900 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ንግድና የውጭ ጉዳይ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ተሰጠ። የስም ጥበቃ በሕግ መልክ የያዘው ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳውያኑ ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ትልቅ ሕግ ስለ ንግድ ስም ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ ከ60 ዓመት በላይም አገልግሏል። በደርግ ዘመን የግል ንግዱ ስለ ጠበበ የስም ሽሚያውም ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ የምዝገባና ፈቃድ አዋጆች ተከታተሉ፦ 67/1989፣ 686/2002፣ 980/2008፣ ማሻሻያው 1150/2011። የ1952ቱን ሕግ በአብዛኛው የተካው አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ስለዚህ ድሮ ለሽርክና ሲባል ዘመድ ስሙን ያውስ የነበረበት ምክንያት ቀርቷል።

ስም የሚወድቅበት ዋናው ምክንያት ቀድሞ ከተመዘገበ ጋር አንድ መሆኑ ወይም እስኪያሳስት ድረስ መመሳሰሉ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የመንግሥታት ድርጅት፣ የሃይማኖት ተቋም፣ የብሔር ብሔረሰብ ስም መውሰድም አይቻልም። የታዋቂ ሰው ስም ያለ ፈቃዱ አይሰጥም። ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆነም ይወድቃል። «ትሬዲንግ» ወይም «ኢምፖርት ኤክስፖርት» የሚል ቅጥያ ማከል ስሙን የተለየ ያደርገዋል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው። ዋናው ቃል ከተያዘ ተይዟል። የብዙ ነጋዴ መፍትሔ የራስን ስም ወይም የአባትን ስም መጨመር ነው። በየከተማው ታፔላ ላይ ሙሉ የሰው ስም ተከትሎ «የሕንፃ መሣሪያ መደብር» የሚል የምናነበው በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። በማጣራት ሥራ ውስጥ ትኩረት የተነፈገው ክፍል ይህ ነው። ግዕዝ ውስጥ የየራሳቸው ቦታ ያላቸው ፊደላት በአማርኛ አነጋገር አንድ ድምፅ ሆነዋል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ውሰዱ። መነሻው «ፀ» ወይም «ጸ» ሊሆን ይችላል። መካከለኛው «ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ» ወይም «ኃ» ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። 2 በ6 ሲባዛ 12 አጻጻፍ ይወጣል። ጆሮ ሁሉንም አንድ አድርጎ ይሰማል። ኮምፒውተር ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ አስቀድሞ ካልተነገረው በቀር 12 የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። «ዓባይ» አራት መልክ አለው፣ «ሰላም» ሁለት። በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ «ጸ» በ«ቲኤስ» ይጻፋል፣ አንዳንዱ በ«ኤስ» ብቻ ይጽፈዋል። ስለዚህ ስም ሲጣራ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም መሆን አለበት። ጮክ ብሎ ጠርቶ፣ አጻጻፉን እየቀያየሩ መፈለግ ነው። ፊደላችን ሀብታም ነው፤ ሀብቱን የማያውቅ መፈለጊያ ግን የተያዘን ስም «ነፃ ነው» ሊል ይችላል።

በስም ጉዳይ አገራችን ያለፈችበት ትልቁ ፈተና የቡናው ነው። ጉዳዩ የንግድ ምልክት እንጂ የድርጅት ስም አይደለም፤ ሆኖም ቀድሞ ማመልከት ምን ያህል እንደሚያዋጣ እንደዚህ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ሲዳሞ ላይ ግን እንቅፋት ገጠመው። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «ሽርክና ሰን-ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ስም አስገብቶ ነበር። ቃሉን ልብ በሉ፦ ሽርክና፣ በንግድ ሕጋችን ውስጥ ያለው ያው ሽርክና። በኋላ ኩባንያው ማመልከቻውን ተወው። ይርጋጨፌም እ.ኤ.አ. በ2006 ተመዘገበ። ሐረርንና ሲዳሞን ግን የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር «የቡና ዓይነት መጠሪያ እንጂ ምልክት አይደሉም» ሲል ተቃወመ። ከተቃውሞው ጀርባ ስታርባክስ ነበረበት የሚል ክስ ከረድኤት ድርጅቱ ከኦክስፋም ተሰማ፤ ኩባንያው አስተባብሏል። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ መሪነት በትዕግሥት ተከራከረ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2007 ስምምነት ተፈረመ፣ ሁለቱም ስሞች በኋላ ተመዘገቡ። የአገሬ ገበሬ ከስሙ ምን ያህል ተጠቀመ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ስሙ የኢትዮጵያ መሆኑ ግን አላከራከረም።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ ዛሬ ማጣራቱ የሚካሄደው በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርና በክልል የንግድ ቢሮዎች ነው። «ኢትሬድ» በሚባለው የኢንተርኔት ሥርዓትም ከቤት ሆኖ ማመልከት ይቻላል። የውጭ ባለሀብት በኢንቨስትመንት ኮሚሽን በኩል ይሄዳል። ወደ ማመልከቻው ሲገባ አንድ ስም ብቻ ይዞ መሄድ አያዋጣም፤ ሦስት አማራጭ በቅደም ተከተል መያዝ ይሻላል። ከዚያ በፊት በአእምሯዊ ንብረት በኩል የንግድ ምልክቱን ማየት ይገባል፤ ምልክት አንዴ ሲመዘገብ ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ኢትዮ ቴሌኮም በሚያስተዳድረው «ዶት ኢቲ» ላይ የድረ ገጽ አድራሻው ነፃ መሆኑን ማየትም ደቂቃ አይፈጅም።

በዋሽንግተን ዙሪያ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ለሚከፍቱ ወገኖች አሠራሩ ይለያል። እዚያ አገር አቀፍ የድርጅት ስም መዝገብ የለም። ቨርጂኒያ ለብቻዋ፣ ሜሪላንድ ለብቻዋ፣ ዲሲም ለብቻዋ ትመዘግባለች። ቨርጂኒያ ያለፈ ስም ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ላይ ተይዞ ሊገኝ ይችላል።

ስሙ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ ደጅ ብዙ ሰው ዛሬም «ውልና ማስረጃ» የሚለው የሰነዶች ማረጋገጫ ነው። የተፈቀደው ስም መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ እንደ ተፈቀደው፣ ፊደል በፊደል መግባት አለበት። የተፈቀደው «ፀሐይ» ሆኖ ሰነዱ «ጸሃይ» ካለ፣ ወይም በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል ከጎደለ፣ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ላይና ባንኩ ላይ እየተከተለ ያስቸግራል። ማኅተም ቀራጩ ዘንድ የሚኬደው ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው።