ቆፈን ምንድን ነው?

ታኅሣሥ ውስጥ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ውርጭ ባደረበት ጠዋት የኮቱን ቁልፍ ለመቆለፍ የታገለ ሰው ቆፈንን ያውቀዋል። ጣት ይደርቃል፣ አልታዘዝ ይላል፣ የራስ መሆኑ ይቀራል። “ብርድ ገባኝ” እንላለን እንጂ የገባ ነገር የለም። ይልቁንስ የወጣ አለ፦ ደም ከጣቶቹ ሸሽቷል፤ ያሸሸውም ሰውነት ራሱ ነው።

ሙቀትን ከሆድ ዕቃ ወደ ቆዳ የሚያጓጉዘው ደም ነው። ብርዱም ሙቀቱም ባልበዛበት አየር በቆዳ ውስጥ በደቂቃ ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር ገደማ ደም ያልፋል። በከባድ ሙቀት ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሊትር ሊደርስ፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ ወደ ምንም ሊጠጋ ይችላል። ልብና አንጎል 37 ዲግሪ አካባቢ ካልቆዩ ሥራቸው ይዛባል፤ ጣት ግን ለጊዜው በ15 ዲግሪም ይኖራል። ሰውነት ሒሳቡን የሚሠራው እንዲህ ነው።

ብርዱን መጀመሪያ የሚያውቁት በቆዳ ውስጥ ያሉ የነርቭ ጫፎች ናቸው። በላያቸው ያለው ብርድ ጠቋሚ ፕሮቲን የታወቀው በ2002 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሜንቶል ከረሜላ አፍ የሚያቀዘቅዝ የሚመስለንም ይህንኑ ፕሮቲን ስለሚያታልል ነው። መልእክቱ አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ሃይፖታላመስ ይደርሳል፤ ከዚያ የሚመለሰው ትእዛዝ በነርቮች በኩል ኖርኤፒንፍሪን የተባለ ኬሚካል አስለቅቆ የደም ሥሮቹን ያኮማትራል። በጣት ጫፍ፣ በመዳፍ፣ በውስጥ እግር፣ በጆሮና በአፍንጫ ላይ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በቀጥታ የሚያሻግሩ አቋራጭ ሥሮች አሉ። እነሱ ሲዘጉ ጣት ባዶውን ይቀራል።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ቀጥሎ የሚሆነው ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. ብሪታኒያዊው ሐኪም ቶማስ ሉዊስ ጣት በረዶ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲቆይ ምን እንደሚሆን መዝግቧል። ሙቀቱ መጀመሪያ ያሽቆለቁላል፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በኋላ ግን፣ ጣቱ ከውሃው ሳይወጣ፣ ሥሮቹ ተከፍተው ደም ይመለስና ጣቱ ይሞቃል። ከዚያ ይዘጋሉ፤ ደግሞ ይከፈታሉ። ሉዊስ ይህን ልክ ፍለጋ የሚመስል ከፍ ዝቅ ማለት “ሀንቲንግ” አለው። ሥሮቹን የሚከፍታቸው ምን እንደሆነ አጥኚዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ብዙዎች ግን የቀዘቀዘው የደም ሥር ጡንቻ ለትእዛዙ መልስ መስጠት ስለሚያቅተው ነው ይላሉ። በቀዝቃዛ ውሃ የሚሠሩ ዓሣ አጥማጆች እጃቸው ቶሎ እንደሚሞቅም ታይቷል።

የጣቱ አልታዘዝ ማለት ራሱ ከቀዘቀዘው ነርቭ ይመጣል፤ ነርቩ መልእክቱን ያዘገያል። ጣትን የሚያንቀሳቅሱት ትልልቅ ጡንቻዎች ደግሞ ጣት ላይ ሳይሆን ክንድ ውስጥ ናቸው። ጓንት አድርጎ ክንዱን የገለጠ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው።

ከቆዳ የተባረረው ደም ወደ መሐል ይከማቻል። ኩላሊት ይህን “ፈሳሽ በዝቷል” ብሎ ይቆጥረዋል፤ በብርድ ቀን ሽንት የሚያጣድፈን ለዚህ ነው። አረቄ ግን ነገሩን ይገለብጠዋል፦ የቆዳውን ሥሮች ስለሚከፍት ሰውየው ሞቀኝ ይላል፣ ሙቀቱ ግን እየወጣ ነው።

ለሚኒሶታና ለስዊድን ዘመዶቻችን አንድ ነገር ልጨምር። የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች በብርድ ጊዜ የጣታቸው ደም ሥር ይበልጥ እንደሚኮማተርና ጣታቸው ለመሞቅ እንደሚዘገይ በእንግሊዝ የተደረጉ ሙከራዎች አሳይተዋል። ስለዚህ ጓንቱ ጣት ከቆፈነ በኋላ ሳይሆን ከቤት ሳይወጡ ይጠለቅ። የቆፈነን እጅ ብብት ውስጥ መክተት ይሻላል፤ የደነዘዘ ጣት መቃጠሉን ስለማያውቅ ከሰል ላይ አይዘረጋም። በትንሽ ብርድ ጣቶቹ ከሌላው ቆዳ በግልጽ ድንበር ተለይተው ነጭ የሚሆኑበት ሰው ካለ ግን፣ ያ ተራ ቆፈን ላይሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።