ታኮትሱቦ ምንድን ነው?

«በድንጋጤ ልቤ ቀጥ አለ» እንላለን። ለወግ ያህል ነው የምንለው። ልብ ግን ከምሩ በድንጋጤ ሊዝል ይችላል፤ ይህ የልብ ሕመም ታኮትሱቦ ይባላል።

አንዲት የ65 ዓመት እናት የወንድማቸውን መርዶ ሰሙ እንበል። ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው፤ ትንፋሽ አጠራቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ሃርት አታክ፣ ማለትም የልብ ደም ስር ተዘግቶ የሚመጣ ጉዳት፣ ይመስላል። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚገኘው ትሮፖኒንም ጨምሯል። ሐኪሞቹ በቀጭን ቱቦ ቀለም አስገብተው የልባቸውን ደም ስሮች በራጅ ያያሉ። ለዚህ ሁሉ ጉዳት ምክንያት የሚሆን የተዘጋ ደም ስር የለም! ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሱ ግን ጉዱ ይወጣል። ደም ወደ ሰውነት የሚረጨው የግራው የልብ ክፍል ጫፉ ተነፍቶ ደንዝዟል፤ መውጫው አካባቢ ያለው ጡንቻ ብቻ አጥብቆ ይጨምቃል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ቅርጽ የገለጹት የጃፓን ሐኪሞች የኦክቶፐስ ማጥመጃ ማሰሮ መሰላቸው፤ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። የማሰሮው ስም ነው ታኮትሱቦ።

ጡንቻውን የሚያደነዝዘው በአንዴ የሚለቀቀው የአድሬናሊን ጎርፍ ነው ተብሎ ይታመናል። ከ10 ታማሚዎች 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም የወር አበባ ያቆሙ። ሀዘን ብቻ አይደለም የሚቀሰቅሰው። ቀዶ ሕክምና፣ ስትሮክ፣ ከባድ አስም፣ አልፎ አልፎም ትልቅ ደስታ ሊያመጣው ይችላል። ምንም ሰበብ የማይገኝለትም አለ። ስለዚህ «ሀዘን ነው፣ ትንሽ ይተኙ» ማለት አደገኛ ነው። ከሃርት አታክ የሚለየው ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ነው።

ለይቶ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ሥራው ልብ እስኪያገግም መደገፍ ነው። ልብን የሚያሳርፉ መድኃኒቶች ይሰጣሉ፤ በተነፋው ክፍል ውስጥ ደም ከረጋ ደግሞ ደም ማቅጠኛ። ፈተናው የደም ግፊት ሲወርድ ነው። ግፊት ለማንሳት የሚሰጡት አድሬናሊንና መሰሎቹ እዚህ በሽታው ላይ ቤንዚን መጨመር ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ላይ የሚጨምቀው ጡንቻ መውጫውን አጥብቦት ከሆነ ልብን ይበልጥ ማስጨነቅ ደሙን ጭራሽ ያግደዋል። ለዚህ ነው ጎበዝ ሐኪም መጀመሪያ ኢኮውን አይቶ መድኃኒቱን የሚመርጠው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ካለፉ ነገሩ ይቀላል። የብዙዎች ልብ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህም በድጋሚ ኢኮ ይረጋገጣል። ወራት አልፈውም ካልተመለሰ ሐኪሙ «መጀመሪያውኑ ታኮትሱቦ ነበር ወይ?» ብሎ ምርመራውን እንደገና ይከፍታል።